ፓምፑ አልነበረም

ማርሊስ ባኪ የትራክተሩን ሕመም ከማየቷ በፊት በጆሮዋ ነው ያወቀችው። የጠዋቱን ወተት አልባ ጨርሳ የማለቢያ ማሽኖቹን እያጠበች ነበር። ውጭ፣ ባለቤቷ ሃርላን የቀዩን ትራክተር ሎደር፣ የፊቱን ትልቅ አካፋ፣ ሊያነሳ ሲሞክር፣ ትራክተሩ ቢላ እንዳየ አሳማ ጮኸ። ጩኸቱ እየቀጠነ ሄዶ፣ ተንቀጠቀጠና ተቆረጠ። ማርሊስ ውሃውን ዘግታ አዳመጠች። ሃርላን ነዳጅ ጨመረ። ጩኸቱ ባሰበት እንጂ አካፋው ከመሬት አንድ ስንዝር አልተላቀቀም።

«የሚጠጣው አጥቷል» አለች። ከጎኗ ከቆመችው ላም በቀር የሰማት አልነበረም።

በረዶው ሁለት ቀን ሙሉ ሲወርድ ሰንብቶ ያባራው ሌሊቱን ነበር። ነፋሱ ደግሞ የወረደውን ሁሉ እየጠረገ አምጥቶ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ቤታቸው በሚያስገባው መንገድ ላይ ከምሮታል። ሩብ ማይል ነው፤ ክምሩ አንዳንድ ቦታ ከሰው ወገብ ይደርሳል። ዋናውን መንገድ መንግሥት ይጠርገዋል፤ መግቢያውን መጥረግ ግን የባለቤቱ ፋንታ ነው። የወተት ማኅበሩ ቦቴ የሚመጣው በየሁለት ቀኑ ነው። ትናንት መጥቶ ፖስታ ሳጥናቸው አጠገብ ቆመና በረዶውን አይቶ ተመለሰ። ማታ ሾፌሩ ደወለ። «ነገ ሰባት ሰዓት ላይ፣ በመጨረሻው ዙር በእናንተ በኩል አልፋለሁ። እስከዚያ መንገዱን ክፈቱልኝ» አለ።

ሠላሳ ስምንት ላሞች ናቸው። የዛሬ ጠዋቱ ወተት ሲጨመር ማቀዝቀዣው ታንከር አፉ ድረስ ሞልቶ፣ የቀረው ክፍት አራት ጣት አይሆንም። ላም ደግሞ መንገድ ተዘግቷል ብላ ጡቷን አትይዝም፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እንደገና መታለብ አለባት። ማኅበሩ ከሦስት ቀን በላይ የቆየ ወተት አይወስድም፤ ቦቴው በሰባት ሰዓት ካልገባ፣ የሁለት ቀን ተኩል ድካም ወደ ቦይ መደፋቱ ነው።

ማርሊስ እጇን በመደረቢያዋ እየጠራረገች ወደ ግቢው ወጣች። ጎረቤታቸው ክሌይተን በበረዶ ላይ በሚንሸራተተው ሞተሩ ሜዳውን አቋርጦ መጥቷል። ሁለቱ ወንዶች እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ጎን ለጎን ቆመዋል። በዚያ አገር ወንዶች ተበላሽቶ የቆመ መኪና ፊት ሲደርሱ አቋቋማቸው እንዲህ ነው፤ አንዱ ሌላውን ሳያይ፣ ሁለቱም መኪናውን እያዩ።

«በረደ» አለ ክሌይተን።

«በረደ» አለ ሃርላን።

«ዘይቱን አየህለት?»

«ሞልቷል። እንዲያውም ከመስመሩ በላይ ነው።»

«በቃ ፓምፕ ነው።»

«እኔም ፓምፕ ነው እያልኩ ነው።»

«ከመስመሩ በላይ ከሆነ ማን ጨመረበት?» አለች ማርሊስ ከኋላቸው።

ሃርላን ዞር ሳይል «እኔ ነኛ። ባለፈው ሳምንት ሲጮህ አንድ ጋሎን ሰጠሁት። ትናንትም እንደዚሁ» አለ።

እዚያ ሎደር ሲጮህ ዘይት መስጠት፣ ሕፃን ሲያለቅስ ጡጦ እንደማቀበል ነው። ለምን እንደሚያለቅስ የሚጠይቅ የለም። ማርሊስ በሁለቱ መካከል አልፋ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘች፤ በመደረቢያዋ ጫፍ ጠርጋ መልሳ ነክራ አወጣችው። የወጣው ወተት የበዛበት ቡና መልክ ነበረው።

«እየው፣ ሃርላን። ይኼ ውሃ ነው። ውሃው ከሥር ተኝቶ ዘይቱን ሽቅብ ገፍቶታል፤ ሞልቷል የምትለው ለዚያ ነው። ከታች፣ ዘይቱ የሚጣራበት ወንፊት ላይ በረዶ ሠርቷል። ፓምፑ መሳብ አቅቶት ነው የሚጮኸው።»

«ጠምቶት ነው በያ!» ክሌይተን ሳቀ። «እንግዲህ አንድ ብርጭቆ ቢራ እናምጣለት።»

«ለሱ ከምታመጣ ላንተ አምጣ፤ የተናገርከው ሁሉ በባዶ ሆድህ ነው» አለችው። ሃርላንም ፈገግ አለ። ፈገግ ማለቱን ስታይ ሰምቶኛል ብላ ቀጠለች። «ፓምፑ አርጅቶ ቢሆን ኖሮ በብርድ ነበር የሚሻለው። ዘይት ሲወፍር ያረጀ ፓምፕ ይይዛል፤ ሲግል ነው የሚደክመው። የኛው ግን ጠዋት ጠዋት ነው የሚብስበት። ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያገኘው ሁለት ሦስቴ አላነሳም?»

ሃርላን የዘንጉን ጫፍ በጣቱ ነካ፣ አሸት አደረገና ጣቱን በሱሪው ጠረገ። ለአፍታ የሚያስብ መሰለ። ከዚያ ክሌይተንን አየው፤ ክሌይተን ትከሻውን ሰበቀ።

«ይኼ ትራክተር ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ፓምፑ ተቀይሮ አያውቅም» አለ ሃርላን። «ግቢ፣ ማር። ብርድ ይመታሻል።»

በቁጣ ቢላት ይሻላት ነበር። በደግነት ነው ያላት።

ማርሊስ ይህን ነገር ከመጽሐፍ አልነበረም የተማረችው። አባቷ ኦስካር ኖርድዳል ከተማ ውስጥ በአንድ የእርሻ መሣሪያ ጋራዥ ሠላሳ አራት ዓመት መካኒክ ሆኖ ሠርቷል። ወንድ ልጅ አልነበረውም። ስድስት ዓመት ከሞላት ጀምሮ መብራት ትይዝለታለች፤ የሱ እጅ የማይገባበት ጠባብ ቦታ የሷ እጅ ይገባል። ረጅሙን ካቻቢቴ ፓምፑ ላይ አስደግፎ እጀታውን ጆሮዋ ላይ ያደርግና «ምን ይልሻል?» ይላታል።

«ጠጠር የሚያኝክ ይመስላል።»

«እሱ ረሃብ ነው። ዘይት አልደረሰውም። መጀመሪያ ምንም ገንዘብ የማያስወጣሽን እዪ፤ ዘይቱን፣ ወንፊቱን፣ የላላ ቱቦውን። ፓምፕ የመጨረሻው ነው። ሰው ፓምፕ የሚገዛው ማሰብ ሲታክተው ነው።»

ሁለተኛ ደረጃ ጨርሳ ጋራዡ ውስጥ ሥራ ስትጠይቅ፣ የጋራዡ ባለቤት «ጎበዝ ልጅ ነሽ» ብሎ መለዋወጫ ከሚሸጥበት ባንኮኒ ኋላ አስቀመጣት። ገበሬዎቹ እየመጡ «እዚያ ኋላ ወንድ የለም?» ይሏታል። የሚፈልጉትን ዕቃ ቁጥር በቃሏ እየነገረቻቸው እንኳ፣ አንገታቸውን አስግገው በትከሻዋ በላይ ወደ ጋራዡ ያያሉ። ሃርላን ብቻ ነበር እንዲያ ብሏት የማያውቀው። የሰጠችውን ተቀብሎ፣ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ዝም ብሎ ይሄዳል። ዝምታውን እምነት ነው ብላ ቆጠረችው። በሦስተኛው ዓመት አገባችው። ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነ፤ ዝምታው ዝምታ ብቻ እንደነበረ ለመረዳት ግን ያን ያህል አልፈጀባትም።

አባቷ ሲሞት የጋራዡ ባለቤት መፍቻዎቹን በሙሉ ለአዲሱ ቅጥር አስረከበው። ለማርሊስ የደረሳት በዘይት የተጨማለቀ አንድ ካርቶን የጥገና መጽሐፍ ነው። «አንቺ ንባብ ትወጃለሽ» አላት።

ሃርላን አርባ ማይል ርቆ ወዳለው የመለዋወጫ ሱቅ ለመሄድ ተነሳ። ፒክአፑን፣ በረዶ ሊጥል ነው ሲባል ሁሉም እንደሚያደርገው፣ ገና ከትናንት በስቲያ አውጥቶ ፖስታ ሳጥኑ አጠገብ አቁሞታል። እስከዚያ ክሌይተን በሞተሩ ሊያደርሰው ነው።

«ስንት ሰዓት ትመለሳለህ?» አለችው።

«ፓምፑን ሱቁ የሚያስመጣው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ዘጠኝ፣ ቢዘገይ ዘጠኝ ተኩል።»

«ቦቴው በሰባት ነው የሚመጣው።»

«አውቃለሁ።»

«ለድዌይን ልደውልለት? በዚያ ትልቁ ሎደር ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም።»

ክሌይተን ሞተሩን ለማስነሳት ጎንበስ አለ፤ መስማት አልፈለገም። ድዌይን የሃርላን ታናሽ ወንድም ነው፤ መንገዱን ተሻግሮ ነው የሚኖረው፤ የቤቱ መብራት ከማርሊስ ወጥ ቤት ይታያል። አባታቸው የተወላቸውን ጫካ ሲከፋፈሉ ተጣልተው አሥራ አንድ ዓመት አልተነጋገሩም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ነው የሚቀመጡት።

«ድዌይን እዚህ ግቢ ከሚገባ፣ ወተቱን በእጄ ብደፋው ይሻለኛል» አለ ሃርላን፤ ሄደ።

ማርሊስ ወጥ ቤት ገብታ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ስልክ ቆማ አየችው። ሰዓቱ ሦስት ከሩብ ነበር። ያልደወለችው ሃርላንን ፈርታ ብቻ አይደለም። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ትክክል መሆኗን በዓይኗ ማየት ፈልጋ ነበር። 

የሃርላንን አሮጌ ቱታ ከላይ ደረበች። ከጎተራው ሸራ ጎትታ አምጥታ ትራክተሩ ላይ እስከ መሬት እንደ ድንኳን ጣለችበት፤ ጥጃዎቹ ቤት ያለውን የላምባ ማሞቂያ ተሸክማ አምጥታ፣ ትኩስ ነፋሱ ወደ ትራክተሩ ሆድ እንዲነፍስ አስተካክላ አበራችው። ከዚያ መጠበቅ ነበር። በረዶ በጉልበት አይወጣም። ማሞቂያውን ብቻውን ትታ ቤት ለመግባትም ስላልደፈረች፣ ባልዲ ደፍታ ተቀምጣ ከማርሹ ዘንግ ሥር ያለውን የጎማ ሽፋን መረመረች። ሦስት ቦታ ተሰነጣጥቋል። ውሃው በዚህ ነው የገባው፤ በመኸር ዝናብ፣ ከዚያ በረዶው ሲቀልጥ። ትራክተሩ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ሥራው አሥር ደቂቃ ፍግ መጥረግና መቆም ነው፤ የገባበትን ውሃ ለማትነን የሚበቃ ሙቀት አግኝቶ አያውቅም።

አንድ ሰዓት ሲሞላው ከሥር ገብታ የማፍሰሻውን ብሎን ፈታች። መጀመሪያ የወጣው ዘይት አልነበረም፤ ውሃ ነው። ድፍርስ፣ ዝገት የቀላቀለ ውሃ፣ ግማሽ ባልዲ ሆነ። ቀጥሎ ያ ወተት ያለበት ቡና የሚመስለው ዘይት እየተዝለገለገ ወረደ። «አየህ?» አለች ጮክ ብላ። ማንን እንዳለች እሷም አላወቀችም።

የወንፊቱ ክዳን በአራት ብሎን ታስሯል። ሦስቱ እሺ አሉ። አራተኛው እንቢ አለ፤ መፍቻው አመለጣትና የእጇን አንጓ ብረት ላጠው። ደሟን በበረዶ ጠርጋ ተመለሰች። ክዳኑ ሲወርድ ወንፊቱ አብሮ ወጣ፤ በረዶ የተፈጨበት ጭቃ መስሏል፤ በመካከሉ የጨርቅ ክርና የብረት ብናኝ ተለስኖበታል። በጣቷ ስትጭነው አንድም ቀዳዳ አይታይም። ላምባ ውስጥ ነክራ በጥርስ ብሩሽ አጠበችው፤ ወደ ሰማይ አንስታ ብርሃኑ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሲያልፍ እስክታይ ድረስ።

ክዳኑ ሥር የነበረው የወረቀት ማሸጊያ ተቀዳዶ ነው የወጣው። ሱቅ አርባ ማይል ነው። ማርሊስ ወጥ ቤት ገብታ የአጃ ገንፎውን ካርቶን ባዶ ሳህን ላይ ገለበጠችና፣ ክዳኑን ካርቶኑ ላይ አስቀምጣ በእርሳስ ዙሪያውን ከበበች፤ በመቀስ ቆረጠች፤ የብሎኖቹን ቀዳዳ በምስማር በሳች። በሁለቱም በኩል ግራሶ ቀብታ ገጠመችው። እዚያ ጋ ኃይለኛ ግፊት የለም፤ ይችላል።

አዲስ ዘይትም አልጠፋም። ሃርላን በመኸር ሊቀይር ገዝቶ «ለጸደይ ይድረስ» ያለው ሦስት ጀሪካን ጎተራው ውስጥ ተቀምጧል። እየሳበች አመጣችና እያንዳንዱን ጭኗ ላይ አስደግፋ ሞላች። በተሰነጣጠቀው የጎማ ሽፋን ላይ ደግሞ ሁለት የዳቦ ላስቲክ ደራርባ በድርቆሽ ማሰሪያ ገመድ ጠፍራ አሰረች። ውሃው ከየጥጉ ተጠርጎ እንዳልወጣ ታውቃለች፤ ዘይቱ በጸደይ እንደገና መገልበጥ አለበት። ለዛሬ ግን ይበቃል።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ሞተሩን አስነሳች። ነዳጅ ሳትጨምር፣ ቀስ ብላ መቆጣጠሪያውን ሳበች። ሎደሩ አጉረመረመ፤ ተንገጫገጨ፤ ቱቦው ውስጥ ያለው አየር ተንኮሻኮሸ። ወደ ታች መለሰችው። እንደገና ሳበች። በሦስተኛው ጩኸቱ ጠፋ፤ አካፋው ያለ ድምፅ ወጣ፤ ከራሷ በላይ፣ እስከ ጫፉ ድረስ። እዚያው ላይ ይዛ ጠበቀችው፤ አንድ ጣት እንኳ አልወረደም። ፓምፑም፣ ፒስተኑም፣ ምኑም ደህና ነው።

ማርሊስ «አባዬ» ልትል ቃጣትና ተወችው። አካፋውን አውርዳ የዘይቱን ልክ አየች፤ ትንሽ ጨመረች፤ መቀመጫው ላይ ወጣችና ወደ በረዶው ነዳች።

አንድ ሰዓት ሙሉ ቆረሰች። አካፋውን እየሞላች በግራና በቀኝ ደፋች፤ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት። ሃርላን ሲጠርግ ሁሌ መንገዱ ጠባብ ይሆንና የቦቴው ሾፌር ይነጫነጭ ነበር፤ እሷ ለሁለት መኪና የሚበቃ አድርጋ ከፈተችው። የእግሯ ጣቶች ደንዝዘዋል፤ ያም ሆኖ፣ ነዳች ከተባለ የነዳችው የዚያን ዕለት ነው። ስድስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ከፖስታ ሳጥኑ ደረሰች። ወደ ኋላዋ ዞራ አየችው፤ ከዋናው መንገድ እስከ ወተት ቤቱ በር ድረስ ንጹሕ።

ትራክተሩን ከዳር አቁማ ቦቴውን ጠበቀች።

ሰባት ሰዓት ከአሥር ሲሆን ከኮረብታው ወዲያ ብቅ አለ። ማርሊስ ሾፌሩ መግቢያው መከፈቱን በሩቁ እንዲያይ ብላ ክንዷን አወዛወዘች። ቦቴው አልቀዘቀዘም። በፊቷ ሲያልፍ ሾፌሩ መሪውን ሳይለቅ ሁለት ጣቱን ብድግ አደረገላት፤ የአገሩ ሰላምታ ነው። ጥሩምባ ጨምሮ ሄደ። የጎማው በረዶ ፊቷ ላይ ተበተነ።

የረሳ መሰላት። ኩርባው ላይ ደርሶ የሚዞር መሰላት። ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ቆመች፤ ከዚያ ትራክተሩን ባለ በሌለ ፍጥነቱ ወደ ቤት አበረረችውና ስልኩን አነሳች።

የማኅበሩ ጸሐፊ ለስላሳ ድምፅ ያላት ልጅ ናት። «ወይዘሮ ባኪ፣ ምን ልርዳዎት?»

«ቦቴው አልፎኝ ሄደ! መንገዱ ተከፍቷል፤ እኔም እዚያው ቆሜ ነበር።»

ወረቀት ተገላበጠ። «ግን እኮ ሰርዛችኋል። አቶ ባኪ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ከመለዋወጫ ሱቅ ደውለው ነበር። ሎደራቸው ፓምፑ ሞቷል፣ መንገዱ ዛሬ አይከፈትም፣ ሾፌሩ በከንቱ እንዳይለፋ ብለው... በጣም ቅን ሰው ናቸው።»

ማርሊስ ግድግዳውን ተደገፈች። አራት ሰዓት ተኩል ላይ እሷ ከትራክተሩ ሥር ነበረች። ስልኩ ቢጮኽም አትሰማው፤ ደግሞም ወደ ቤት አልደወለም።

«መልሺልኝ። ሩቅ አልሄደም።»

«ሞልቶ ወደ ፋብሪካው እየሄደ ነው፤ አይመለስም። ነገ ጠዋት ላስመዘግብዎት እችላለሁ፤ ግን...» ልጅቷ አፍራለች፤ ያስታውቃል። «የተመዘገበው በአቶ ባኪ ስም ነው። የሰረዙት እሳቸው ስለሆኑ እሳቸው መደወል አለባቸው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ላሞቹን የማልብ እኔ ነኝ።»

«ይገባኛል፣ ወይዘሮ ባኪ።»

ሃርላን ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ፒክአፑን እየነዳ እስከ በሩ ድረስ ገባ። አዲሱ ፓምፕ ያለበትን ካርቶን ታቅፎ ወረደ፤ ግራ ቀኙን እያየ ነው። ፊቱ ጠቁሯል።

«ድዌይን ነው?» አለ ገና ደጃፉን ሳይረግጥ።

«ምኑ?»

«አትቀልጂብኝ። መንገዱን የከፈተው ድዌይን ነው? ጠራሽው አይደል? አትጥሪው አልኩሽ!»

ማርሊስ አየችው። ቱታው እስከ ብብቷ በዘይት ርሷል፤ የእጇ አንጓ ላይ ደሙ ደርቋል፤ የተሸነቆረው የአጃ ካርቶን ጠረጴዛው ላይ ነው። ይህን ሁሉ እያየ፣ አሥራ አንድ ዓመት ያኮረፈው ወንድሙ መጥቶ በደግነት በረዶ ጠረገለት ብሎ ማመን ቀለለው።

«እኔ ነኝ።»

«በምን?»

«በትራክተሩ። ግማሽ ባልዲ ውሃ ወጣው። ባልዲው እዚያው አለ፤ ሂድና እይ። ወንፊቱ በበረዶ ተደፍኖ ነበር። ፓምፑ አልነበረም፣ ሃርላን።»

ወጣ። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ነው የወጣው፤ እሷ በመስኮቱ ትከታተለው ነበር። ባልዲው ላይ ጎንበስ አለ፤ በእግሩ ነቀነቀው። ትራክተሩ ላይ ወጥቶ አስነሳ፤ ሎደሩን እስከ ላይ አነሳ፣ አወረደ፣ አነሳ። የዳቦ ላስቲኩን በጣቱ ነካ። ተመልሶ ሲገባ ቁጣው ወርዷል፤ በቦታው የመጣው ግን የጠበቀችው አልነበረም።

«ለጊዜው ይዞልሻል» አለ። «ከገዛሁት አይቀር ቅዳሜ ፓምፑን እገጥምለታለሁ።»

«ምን ሊሠራልህ?»

«ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው።» ከዚያ ነገሩ ትዝ አለው። «ቦቴውስ? መጣ?»

«አንተ እንዳይመጣ ነግረኸው?»

ሃርላን ባርኔጣውን አወለቀ። 

«መንገዱ ተዘግቶ መስሎኝ። ሰውዬው ለምን ይልፋ ብዬ።»

«ለኔ ግን አልደወልክም።»

«አንቺን ምን ብዬ ልጠይቅሽ?»

ይህን ያለው ሊያስከፋት አልነበረም። ከልቡ ነው የጠየቃት፤ መልስ ካላት ሊሰማ። ማርሊስ ተነስታ ወደ ወተት ቤቱ ሄደች፤ እሱም ተከተላት።

ታንከሩ ውስጥ መቀላቀያው ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ወተቱ ንጹሕ ነው፣ ቀዝቅዟል፣ ምንም አልሆነም። ማርሊስ የሥሩን ቧንቧ ክዳን ፈትታ እጀታውን ያዘች። ከዚያ ለቀቀችውና ወደ ጎን ቆመች።

«በእጄ ብደፋው ይሻለኛል አላልክም? በል ድፋው።»

ሃርላን እጀታውን ዞር አደረገ። ወተቱ ወለሉን መታ፤ ነጭ ሆኖ ተንጣለለና ወደ ቦዩ ተጠማዘዘ። ሁለቱም ቆመው አዩት፤ ጎን ለጎን፣ ሳይተያዩ። ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀ። መጨረሻው ላይ ቦዩ እየተጉመጠመጠ ዋጠው።  ማርሊስ ቱቦውን አንስታ ታንከሩን በሙቅ ውሃ አጠበች።

ወጥ ቤት ሲመለሱ የስልኩን እጀታ አንስታ ቁጥሩን መታችና ሰጠችው። «ለነገ ጠዋት ያንተን ቃል ይፈልጋሉ። ከዛሬ ጀምሮም ከማርሊስ በቀር ማንም እንዳይሰርዝ በላቸው። እንዲጽፉት።»

ሃርላን ተቀበላት። እሷ በሩ ሥር ተቀምጣ የጎማ ቡትሷን ታጠልቅ ጀመር።

«ሄሎ፣ ሃርላን ባኪ ነኝ... ደህና። ብርዱ ምንም አይል። እናንተ ጋስ?... ይገርማል። እዚህም እንደዚያው ነው።» ስለ በረዶው ተነጋገሩ፤ ስለ ነፋሱ፣ በሚመጣው ሳምንት ይጥላል ስለሚባለውም። ማርሊስ አንዱን ቡትስ አጥልቃ ሌላውን በእጇ ይዛ ጠበቀች። «አዎ፣ ለነገ ጠዋት ላኩልን። ተከፍቷል... አይ፣ ያው ፓምፑ ነበር፤ አርጅቷል... አዎ፣ እንደ ምንም ብለን አስነሳነው። አመሰግናለሁ፣ የኔ ልጅ። ሌላ ምንም የለም።»

ስልኩን ሰቀለ። ማርሊስ ሁለተኛውን ቡትስ አጥልቃ ተነሳች። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው፤ ከላሞቹ ቤት ጩኸታቸው ይሰማል።

«ማር፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ይመጣሉ» አላት።

«ሰማሁ» አለችና በሩን ከኋላዋ ዘግታ ልታልብ ሄደች።